የቦይለሩ ባለሙያ፣ የራዲያተሩ ባለሙያ እና የእህቴ ክፍል

ለሚያከራየን የቤቶች ማኅበር የጥገና ክፍል ኃላፊ
ቶተንሃም፣ ለንደን
ጥር 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ባለፈው ወር ቢሮዎ መጥቼ ሠራተኞችዎ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ተቀምጠው ስላየሁ፣ ብርድ እንዳልነካዎ ተረድቼ አምላኬን አመስግኛለሁ።

በእንግሊዝኛ አራት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ሆኖም በላኩልኝ ወረቀት ጀርባ «በሚመችዎ ቋንቋ ይጻፉልን፣ እናስተረጉማለን» የሚል ስላነበብሁ፣ አምስተኛውን በአማርኛ ጽፌ፣ ተርጓሚው እስኪገኝ ሌላውም ሰው እንዲያነበው ለማኅበረሰባችን መጽሔት ሰጥቻለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ታናሽ እህቴ ኤልፍነሽ በሳንባ ምች ሆስፒታል ከተኛች አምስት ሳምንት ሆናት። ብርዱ አሳመማት አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። አሁን ድናለች፤ ነገር ግን የሆስፒታሉ ሠራተኛ ማክሰኞ መጥታ መኝታ ክፍሏ መሞቁን በዓይኗ ካላየች ወደ ቤት አይለቋትም። ሙቅ ውሃ እየዞረበት ክፍሏን የሚያሞቀው ብረት፣ የኤልፍነሽ ራዲያተር፣ ደግሞ ከሥር እየሞቀ ከላይ እንደ በረዶ ሲቀዘቅዝ ከርሟል።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ያልተቆጠረ አቤቱታ ማጉረምረም ይባል ነበር።

1ኛ. የራዲያተሩ ባለሙያዎ በኅዳር መጥቶ በራዲያተሩ ውስጥ የታሰረውን አየር በትንሽ ቁልፍ አስተነፈሰ። አየሩ ሲወጣ ውሃውን አሙቆ ወደ ራዲያተሩ የሚልከው የቦይለሩ የውሃ ግፊት መርፌ ወደ ዜሮ ወረደ። መርፌውን ባሳየው፣ ቦይለር የሌላ ክፍል ሥራ መሆኑን በትሕትና አስረድቶኝ ሄደ። ቦይለሩም ጠፋ።

2ኛ. ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የመጣው የቦይለሩ ባለሙያ ውሃ ሞልቶ አስነሣው። ከአዲሱ ውሃ ጋር አዲስ አየር ገብቶ ራዲያተሩ ዳግመኛ ቀዘቀዘ፤ እሱ ደግሞ ራዲያተር አይነካም። ሁለቱ እየተፈራረቁ ሦስት ሦስት ጊዜ መጥተዋል፤ በአንድ ቀን ግን ተገናኝተው አያውቁም። እንዲህ ያሉ ሁለት ጨዋ ሰዎችን እስካሁን ሳያስተዋውቁ መኖርዎ ያሳዝነኛል።

3ኛ. ይህኛው ጥፋት የእኔ ነው። ቤቴ ለገባ ሰው፣ ምንም ሳይቀምስ ችግሬን አልነግረውም። የራዲያተሩ ባለሙያ ሽሮውን ወድዶ ሁለት ጊዜ አስጨመረ፤ በመጨረሻ አፌን ስከፍት ሰዓቱን አይቶ፣ ለአንድ ቤት የተፈቀደለት ሃያ ደቂቃ እንዳለቀ ነገረኝ። እናቴ ያስተማረችኝ ወግ ከእርስዎ የሥራ ሰሌዳ ጋር እንደማይስማማ ቀደም ብለው ቢያስጠነቅቁኝ ምን ነበረበት?

4ኛ. በቦይለሩ ላይ «ተከራይ እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። የተለጠፈ ትእዛዝ አክብሬ ያደግሁ ነኝና አሥር ሳምንት ሙሉ አልነካሁም። ትናንት ግን ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘኪያ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሳሎኔ ውስጥ ካፖርት ለብሼ ብታገኘኝ «እትዬ ሙሉ፣ ወረቀቱ ያሞቅዎታል እንዴ?» አለችኝ።

በሰባ ስድስት ዓመቴ ትእዛዝ ለማፍረስ የካፖርቴን እጅጌ ሰበሰብሁ። ባለሙያዎ ከሽሮው ሳህን አጠገብ ረስቶት የሄደውን ቁልፍ አነሣን። ዘኪያ አየሩን ስታስተነፍስ እኔ ከሥር ጨርቅ ያዝሁ፤ ውሃው ጠብ ሲል ዘጋችው። ከዚያም እኔ ቦይለሩ ሥር ያለውን የውሃ መሙያ ቀስ ብዬ ከፈትሁ፤ መርፌው ከቁጥር አንድ ጥቂት አለፍ ሲል ዘጋሁ። ሁለቱ ክፍሎችዎ በአንድ ቀን ተገናኙ። የፈጀው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የኤልፍነሽ ክፍል አሁን ከላይም ከታችም ሞቃት ነው።

ይህን ብጽፍልዎ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ። ነገር ግን ዛሬ ጧት ከቢሮዎ መልእክት ደረሰኝ፤ ሰኞ ዕለት የራዲያተሩ ባለሙያ አየሩን ሊያስተነፍስ እንደሚመጣ ያበሥራል። የቦይለሩ ባለሙያ መቼ እንደሚከተለው አይናገርም።

ስለዚህ አሥር ሳምንት ሙሉ «እባክዎ ሰው ይላኩልኝ» ስል የኖርሁት ሴት፣ ዛሬ በእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ እህቴ ቤቷ እስክትገባ ድረስ እባክዎ ማንንም አይላኩልኝ። እስከ ዛሬ ያለመምጣት ችሎታዎን ያሳዩኝ ሳልጠይቅ ነው፤ አሁን ስጠይቅ እንደማይነፍጉኝ ተስፋ አለኝ።

ትእዛዝዎን አሥር ሳምንት አክብራ በአሥራ አንድ ደቂቃ ያፈረሰች፣ ምስጋናዋ ከራዲያተሯ የማይተናነስ ትኩስ የሆነ፣

አክባሪዎ
ሙሉነሽ ባዩ

ማስታወሻ፦ የባለሙያዎ ቁልፍ በክብር ተቀምጧል። ከማክሰኞ በኋላ መጥቶ ይውሰድ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ባለው ጊዜ እከፍትለታለሁ፤ እንደ ቢሮዎ ሁሉ ትክክለኛውን ሰዓት ግን ለይቼ መናገር አልችልም። ሽሮም ይጠብቀዋል፤ ብቻ ከአሁን ወዲያ በቤቴ የሚበላው ከሥራ በኋላ ነው።