ዘጠኝ ቁጥር ላይ ውሃ አለ

መጋቢት 3

ከዙር ገባሁ። አራት ቀን። ባለቤቴ ሙቅ ውሃ በባልዲ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሥራዬ ሲያወሩት ቀላል ነው። ለደስታቸው ብለው በረሃውን በእግር የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፣ አስር ቀን ሙሉ። እኔ ቀድሜያቸው እሄዳለሁ። የየቀኑን ጉድጓድ በዘንግ እለካለሁ፣ ድንኳን የሚተከልበትን አያለሁ፣ ተመልሼ ቢሮው በር ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ። «አለ» ወይም «የለም»። ሦስተኛ ቃል የለም።

እስከ ስድስት መኪና ያደርሰኛል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ሰባት አንድ ቀን፣ ስምንት አንድ ቀን፣ ዘጠኝ አንድ ቀን።

ዛሬም ለዘጠኝ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። አልደረስኩበትም። ከስምንት ነው የተመለስኩት። ይኸው ሦስተኛ ዙሬ... ጉልበቴ እምቢ አለ። ግን ስምንትና ዘጠኝ የሚጠጡት ከአንድ አለት ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት አንዱ ሲሞላ ሌላውም ሲሞላ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውም ሲደርቅ ነው ያየሁት። ስምንት ላይ ዘንጌ እስከ ግማሹ ረጥቧል። ታዲያ ዘጠኝ የት ይሄዳል?

አለቃ ስድስት ቀን የነበረው ዙር አራት መሆኑን አልጠየቀም። ወይ አልቆጠረም፣ ወይ ተመችቶታል። ጉልበቴን ብነግረው «በቃ፣ ቤትህ ግባ» ነው የሚለኝ። ቤት ገብቼ ምን ልለካ? ግድግዳ?

መጋቢት 5

ጡረታ የወጣች ነርስ መጣች። ብቻዋን ነው የምትሄደው። ከኔ ትበልጣለች፣ እትዬ አልኳት። ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ማደሪያ ጠየቀችኝ፣ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ዘጠኝ ላይ ከአለቱ ጥላ ሥር ይደሩ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ድንኳን እንዳይተክሉ፣ አሸዋው ቢያባብልዎትም። በትንሽ ደብተር ጻፈችው።

ከዚያ፣ «ዘጠኝን መቼ አየኸው?»

«በዚህ ሳምንት።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ። እንዴት እንደወጣልኝ... ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። መጀመሪያ ሰሌዳውን ዋሸሁ፣ አሁን ሰው። መንገዱን ላሳያት አብሬያት የቢሮውን ደረጃ ወረድኩ። ታች ሆና ጠበቀችኝ።

መጋቢት 8

ጉልበቴ አብጧል። ሙቀቱ ቢሮው ውስጥ እንኳ አያስቀምጥም። ነርሷ ዛሬ አራት ቁጥር ትደርሳለች።

መጋቢት 10

ባለቤቴ ስለ ዙሩ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ደርሰህ በአራት ቀን እንዴት ተመለስክ፣ ክንፍ አበቀልክ ወይ አለችኝ። ሳቅኩላት። እሷ አልሳቀችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መጋቢት 13

ዛሬ ጠዋት የውሃ ቦቴ ነጂ ቢሮ መጣ። በስምንት ቁጥር በኩል አዲስ መንገድ የሚጠርጉት ሰዎች የሚያሠሩት ነው። ስልክ ሊደውል ፈልጎ ነው የመጣው። ሲጨርስ ወሬ ጀመረ። ማታ ማታ ቦቴው ውስጥ የሚተርፈውን እዛ ያለ ጉድጓድ ውስጥ እደፋዋለሁ፣ ለእንስሳቱም ይሆናል፣ ጽድቅ ነው አለ።

«የትኛው ጉድጓድ?»

«ያ አለቱ ሥር ያለው ነዋ። ስመጣ ባዶውን ነበር። ወር አለፈኝ ከደፋሁበት።»

ዘንጌን ያረጠበው የቦቴ ውሃ ነው። አለቱ ደርቋል። ስምንት ደርቆ ከሆነ ዘጠኝም ደርቋል... አስራ ዘጠኝ ዓመት ያወቅኩትን ሕግ ይዤ ነው የተሳሳትኩት።

ቀን ቆጠርኩ። ነርሷ ዛሬ ንጋት ላይ ከስምንት ተነስታለች። ማታ ዘጠኝ ትገባለች። ስልክ እዛ አይሠራም።

ነጂውን ለመንኩት። በአዲሱ መንገድ ስምንት ድረስ አራት ሰዓት ነው አለኝ። አስር ሊትር ይዣለሁ። ለባለቤቴ በጎረቤት መልእክት ላክሁላት። ለአለቃ ምንም አላልኩም፣ ሞተሩ ተነስቷል። ሴትዮዋ ብትሞትስ?

መጋቢት 14

ዘጠኝ ቁጥር። ተቀምጬ ነው የምጽፈው፣ መቆም አልችልም።

ንጋት ላይ ከስምንት ተነሳሁ። አሸዋው ላይ የጫማዋ ዱካ ነበር፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ወደዚህ የሚመጣ። እሱን እያየሁ ሄድኩ። በየመቶ እርምጃው አረፍኩ፣ በኋላ በየሃምሳው። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ ማን ሊሰማኝ። የጀርባዬ ውሃ ከበደኝ፣ ግን አንዲት ጉንጭ ለመጠጣት እጄ አልታዘዘልኝም።

አስር ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጉድጓዱ ደረቅ፣ ጭቃው ተሰነጣጥቋል። እሷ እኔ ባልኳት ቦታ፣ ጥላው ሥር፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ነጥቷል። በሕይወት አለች።

ጠዋት አለቱ ላይ ወጥታ ውሃ ስትፈልግ እንደነበር ነገረችኝ። አጥታ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ወደ መጨረሻው መንደር ልትነሳ ነበር። አንድ ሊትር ተኩል ቀርቷታል። በዚያ መድረሷን እንጃ።

ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ደረጃውን ስትወርድ አየሁህ። አርባ ዓመት የሰው ጉልበት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ሰው ዘጠኝ አልደረሰም አልኩ። ስምንት ላይ የያዝኩትን ዕቃ ሁሉ ሞልቼ ነው የመጣሁት።»

ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም አልኳት።

«የምትነግረኝ አንተ ነበርክ።» ጫማዋን አነሳችና፣ «ደረጃ ስትወርድ ያላዩህስ?»

ስድስት ሊትር ሰጠኋት። ጉልበቴን በሻሿ አሠረችልኝ፣ ሳትቆጣኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 18

እያነከስኩ ስምንት ደርሼ በቦቴው ተመለስኩ። ለአለቃ ነገርኩት። ሦስቱንም ዙር። ከመንደሩ ስልክ ተደውሎ ነርሷ በሰላም መግባቷን ሰምቶ ነበር፣ የቀረውን ከኔ ሰማ። ዙሩን ወሰደብኝ፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ ሰሌዳው ጋ ተቀመጥ አለኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴም ነገርኳት። አዳመጠችኝ። አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴ ላይ እጇን አሳረፈች። «ደከመኝ ማለት ምን ያሳፍራል?» አለች። ከስንት ወር በኋላ ተኛሁ።

መጋቢት 25

ዛሬ ሰሌዳው ላይ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያለውን አጥፍቼ ሦስት ጊዜ «አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃ በሩ ላይ ቆሞ አነበበው። እንዲህ የሚል ሰሌዳ አይቶ ማን ይመጣል አለ። አይምጣ አልኩት። ሊያጠፋው እጁን አንስቶ ነበር... ተወው።

ባልና ሚስት አይተው ተመለሱ። አለቃ በመስኮት አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ከሰዓት አንድ ወፍራም ሰውዬ መጣ። አልታየም ማለት ምን ማለት ነው፣ አለ ወይስ የለም፣ ብሎ ተነጫነጨ። በዚህ ሳምንት ማንም ሄዶ አላየውም ማለት ነው፣ እኔ ስደርስ ዘጠኝ ደረቅ ነበር አልኩት። ጉልበቴንም አሳየሁት። እያጉረመረመ ቧንቧው ጋ ሄደ፣ ዕቃዎቹን ሲሞላ እኔ ያዝኩለት። አስራ አንድ ሊትር። ቦርሳውን ሲያነሳ ተንገዳገደ።

«ከበደኝ» አለ።

«ይክበድዎ» አልኩት።