ከሊድስ የመጣው ካፖርት

ሳን ዲዬጎ፣ ሰኞ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1983

ውድ እህቴ ኦፌሊያ፣

ካፖርቱ ከእንግሊዝ ደረሰኝ። ካፖርት ፈልጊልኝ አልኩሽ እንጂ የራስሽን ላኪልኝ አላልኩሽም። እማዬ ጥቅሉን ስትፈታ የአንቺን ጠረን አሸተተችና ካፖርቱን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

ትላንት ለብሼው ወደ ቬስፓ ነጂዎች ክለባችን ሄድኩ። የአለቃችንን የኔስቶርን ነገር ጽፌልሻለሁ፤ ያን የእንግሊዝ ልጆች በቬስፓ የሚጋልቡበትን ፊልም ካየ ወዲህ ፀጉሩን እንደ እነሱ ነው የሚቆረጠው። በበጋ ሐሩር እንኳ ካፖርቱን አያወልቅም። የክለቡን አርማም ከእንግሊዝ በመጣ ካፖርት ላይ ካልሆነ አያስለጥፍም። አርማ የሌለው ደግሞ ሰው ኋላ ይፈናጠጣል እንጂ የራሱን ቬስፓ ይዞ ከሰልፉ አይገባም። የእኔዋ ቬስፓ ተጠግና ግቢ ውስጥ ስትጠብቅ የከረመችው ለዚህ ነው።

«ዝምተኛዋ መጣች!» አለ ኔስቶር። «እስቲ አውልቂው፣ እውነተኛ መሆኑን እንየው።»

ገበሩን ገለበጠው። ውስጡ የደበዘዘ ማኅተም አለ፦ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «የእንግሊዝ ብላ የእኛኑ ወታደር ገፍፋ መጣች!»

ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲስቅብኝ መሬት መሬት ነው የማየው። ትላንት ግን አፌ ቀደመኝ።

«የአንተንስ አይተኸዋል?»

«የእኔማ ከለንደን ነው፣ የእኔ እመቤት።»

«እንግዲያው ገልብጠዋ!»

ገለበጠው። ያው ማኅተም። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። አንቺ የጻፍሽልኝን ነገርኳቸው፤ የእንግሊዝ ልጆች ጦራችን የሸጠውን አሮጌ ልብስ ከገበያ በርካሽ እየገዙ እንደሚለብሱት። «ከዚህ ሄደ፣ እዚያ ተጨፈረበት፣ ተመለሰ። ይሄ ምን ያሳፍራል?» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምላስ ነበረሽ እንዴ?» አለና አርማውን ሰጠኝ። እዚያው ሰፋሁት፤ ስፌቴ ከእሱ ይበልጣል። ከዚያ የባሕሩን መንገድ የራሴን ቬስፓ ይዤ ነዳሁ። ከማንም ኋላ አልተፈናጠጥኩም፣ ኦፌሊያ!

ማታ ኪሱ ውስጥ ጓንቶችሽን አገኘኋቸው። እዚያ አሁን በረዶ ነው አይደል? ሌላ ካፖርት አለሽ? ባልሽን ክላይቭን ሰላም በዪልኝ እንዳልልሽ ከገና በፊት ጀምሮ ስሙን አላነሳሽልኝም። አልጠይቅሽም። እማዬም አትጠይቅሽም፤ አልጋሽን ግን ትላንት አንጥፋዋለች።

የቬስፓዬ የኋላ መቀመጫ ባዶ ነው። አየር ማረፊያው ቅርብ ነው። ስትመጪ ማንም እንደ ካፖርቱ ገልብጦ አያይሽም።

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ማርያም ከብርድ ትጋርድሽ።

ታናሽሽ ዴልፊና