የብርቅነሽ ድርሻ

እማዬ፣ የኔ እናት፤

ከተለየሽን ወዲህ ሁለት መስቀል አለፈ። ክትፎው ቀርቧል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያጣጣመው የለም። አባዬ ደህና ነው። የወልቂጤው ቤት ጣሪያ ተቀየረ፣ አሁን አያፈስም። እኔ ደግሞ አርግዣለሁ። ከሰው ሁሉ በፊት መስማት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ።

ደስታው እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ከርሟል። ስወልድ ማን ያርሰኛል? የቡላ ገንፎዬንስ ማን ያገነፋልኛል?

ባለፈው ቅዳሜ ከባሌ ጋር ወደ ቡታጅራ ስንሄድ አገና ላይ ቆምን። ከጓደኞችሽ ጋር እንሰት ትፍቁበት የነበረው ግቢ ትንሽ የቡላ ፋብሪካ ሆኗል። ሴቶቹ አሁንም ጓሮ ሆነው ይፍቃሉ፤ ቡላው ከፊት ባለው ክፍል ደርቆ፣ ተነፍቶ ይታሸጋል።

አማችሽን ታውቂው የለ፣ የጎጃም ሰው፣ ሁሉን ካላየሁ ባይ። ሳልይዘው ቀጥ ብሎ ጓሮ ገባ! ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ ድርሽ እንደማይል ማን ይንገረው? በእንሰት ቅጠል እያባረሩ አስወጡት። ሳቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

እሱ አፍሮ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ እኔ ቡላ ልገዛ ገባሁ። በሩ አጠገብ ለብቻው የተቀመጠ እሽግ አየሁና ሻጯን ልጅ እሱን ስጪኝ አልኳት። አይሸጥም፣ የብርቅነሽ ድርሻ ነው አለችኝ። ስምሽን ስሰማ ክው አልኩ። ብርቅነሽ ማን ናት ብላት እሷም አታውቅም። እኔ ስቀጠርም እንዲህ ነበር አለች፤ አዲስ ቡላ በወጣ ቁጥር የመጀመሪያው እሽግ በአካባቢው ለወለደች ሴት ይሄዳል።

እማዬ፣ ይሄ እኮ ያንቺ ሕግ ነው! አራስ ሳትቀምስ ገበያ አይወጣም እያልሽ በኮባ ጠቅልለሽ ታሸክሚኝ ነበር። ያኔ ተራ ጉርብትና ነበር የመሰለኝ። ለካ ሰው ሲያልፍ ስሙ ሥራውን ይቀጥላል። የብርቅነሽ ልጅ ነኝ ስል ድምፄ ግቢውን ሞላው። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጓደኛሽ እትዬ ዘነበች እጇን ሳትታጠብ ከጓሮ ሮጣ መጣች። ሳመችኝ፣ ሆዴን አየች፣ አለቀሰችም ሳቀችም። እሽጉን አንስታ ልትሰጠኝ ከጀለችና መልሳ አስቀመጠችው። ከመስጊዱ ማዶ ትናንት የወለደች አለች አለችኝ፤ ያንቺ ተራ ሲደርስ እኔው ይዤልሽ ወልቂጤ እመጣለሁ፣ ገንፎውንም እኔው አገነፋዋለሁ ብላ ቃል ገባችልኝ። ባለመስጠቷ ይበልጥ ደስ አለኝ። አንቺም ብትሆኚ አትሰጪኝም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተመልሷል። ልጄ ነፍስ ሲያውቅ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ እነግረዋለሁ። ከአራስ ቤት ስወጣም የመጀመሪያ መንገዴ ወደ አገና ነው። ለቀጣይዋ አራስ እሽጉን የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እንደ ድሮው፣ አንቺ ልከሽኝ።

ልጅሽ