የአሥራ አምስት ቀን ፊርማ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ደሊል፣ አሰብ።

አሰላሙ ዐለይኩም። የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የእማዬ ጉልበትስ በባሕሩ አየር ተሻለው ወይስ እንደ ድሮው ይጠዘጥዛታል? ባለቤትህ ዘሀራ ከወለደች ወዲህ ሰውነቷ ተመለሰላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። የጎጆ ከተማ የታኅሣሥ ውርጭ ግን ጣት ያደርቃል፤ ይህን የምጽፍልህም እጄን ብብቴ ውስጥ እያሞቅሁ ነው።

በመስከረም ዲሬክተር ሆንኩ ብዬ ስጽፍላችሁ፣ እማዬ ከደስታዋ ብዛት ለጎረቤት ሁሉ ተምር አደለች ብለኸኝ ነበር። ያን ሳነብ አፈርኩ። እንዴት እንደተሾምኩ ደብቄያችኋለሁና ዛሬ ሳላስቀር ልንገርህ።

ነሐሴ ላይ ለዲሬክተርነት የታጨን ሠላሳ መምህራን አምቦ ለሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኛችን ጓድ ተሻለ የሚባል ኃላፊ ነበር። ስለ በጀት አያያዝ ሲያስተምር ለሰሚ ይጥማል። "የትምህርት ቤት ብር የሕፃን ጉርሻ ነው፤ ከሕፃን አፍ የሚነጥቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?" እያለ ጠረጴዛ ይመታል። እኔም ቃሉን እየለቀምኩ ደብተሬን ሞላሁት። በስድስተኛው ቀን ግን ዝናቡ መንገድ ሳይቆርጥባችሁ ሂዱ አለንና የውሎ አበል መክፈያ ቅጽ ዘረጋ። ቅጹ ላይ የተጻፈው አሥራ አምስት ቀን ነው። ለእያንዳንዳችን የስምንት ቀን ሰጠን፤ የሰባቱ ቀን እሱ ቦርሳ ገባ። የስድስቱ ቀን ሐቄ ነው። የሁለቱ ቀን አሥራ ስድስት ብር ግን አፌን የደፈነበት ነው።

ከእንጭኒ የመጡ ኦቦ መርጋ የሚባሉ ሽማግሌ መምህር ብቻ፣ "እኔ የተማርኩት ስድስት ቀን ነው፤ ስድስት ብለህ ጻፍልኝ" አሉት። ተሻለ ሳቀና "አባባ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ቅጽ አይቀደድም" አላቸው። ሻንጣቸውን አንስተው፣ ሐቃቸውንም ሳይወስዱ ወጡ። የቀረነው አቀርቅረን ፈረምን። ሹመቱን ፈልጌ ነው፣ ጋሼ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መስከረም ሲጠባ እኔ ተሾምኩ፤ ኦቦ መርጋ "ለአመራር አይመጥኑም" ተባሉ። ቢሮዬ ገብቼ ፋይል ሳገላብጥ አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ዲሬክተር፣ ነፋስ የገነጠለው የአንደኛ ክፍል ጣሪያ እንዲሠራለት ጠይቆ የተሰጠው መልስ ነው። "ለጥገና ተይዞ የነበረው ገንዘብ ለዲሬክተሮች ሥልጠና ውሎ አበል ስለተዛወረ በመጪው ዓመት ጠይቁ" ይላል። ወረቀቱን እንደያዝኩ ጣሪያው ወደተገነጠለው ክፍል ሄድኩ።

የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ድንቅቱ ልጆቹን አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ታስተምር ነበር። ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ስትለኝ፣ "አካም ቡልቴ ሹኩሪያ፤ ዛሬስ ስለ ጣሪያው ምን አሉሽ?" ትለኛለች። "እየጠየቅሁ ነው" እላታለሁ። ጥቅምትን ሙሉ እያሳላት አስተማረችና አንድ ቀን ልጆቹ ፊት ደም ተፋች። በእህል ጭነት መኪና አሳፍሬ አምቦ ሆስፒታል አደረስኳት።

ከዚያው በቀጥታ ተሻለ ቢሮ ሄድኩ። አሥራ ስድስቱን ብር ጠረጴዛው ላይ አድርጌ የገቢ ደረሰኝ ቁረጥልኝ አልኩት። "ጓዲት ሹኩሪያ፣ ገንዘብ የሚመልስ ሰው አይተን ስለማናውቅ ለዚህ የሚሆን የሒሳብ መደብ የለንም" አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከፈረሙ በኋላ ንጹሕ ልሁን ማለት፣ ከወለዱ በኋላ ድንግል ነኝ እንደ ማለት ነው" አለ። ይህን ለእማዬ አታንብብላት። ሲስቅ ያየሁት የወርቅ ጥርሱ እስከ ዛሬ ምግብ ያስጠላኛል።

ስሜን ጠቅሼ ለሒሳብ መርማሪዎች ጻፍኩ። መጥተው ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። ሃያ ስምንቱ "አሥራ አምስት ቀን ተምረናል" ብለው መሰከሩ። ከእኔ ጋር የቆሙት ኦቦ መርጋ ብቻ ናቸው፤ የእሳቸውም ቃል፣ ቅጹ ላይ ፊርማቸው ስለሌለ አልሠለጠኑም ተብሎ ተጣለ። ተሻለ በእድገት ተዛወረ። ብሩን መርማሪዎቹም አልተቀበሉኝም፤ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥር እጄን መታጠብ ያሰኘኛል።

እኔ "የባልደረቦቿን ስም አጠፋች" ተብዬ ከዲሬክተርነት ወረድኩ። አዲሱ ዲሬክተር በድንቅቱ ቦታ መደበኝ። ስለዚህ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አጥሩ ጥግ የማስተምረው እኔ ነኝ። ፀሐይ እስክትሞቅ ልጆቹን አዘልላቸዋለሁ፤ ከዚያ ፊደል እንጀምራለን። ድንቅቱ የሳምባ መድኃኒት ጀምራለች። ጣሪያው ተሠራ ወይ ብላ ላከችብኝ። እስካሁን መልስ አልላክሁላትም።

እማዬ መሻሬን ከሰው አፍ ከምትሰማ አንተ ንገራት፤ እንዳታለቅስ፣ የሚለቀስለት ሹመት አልነበረም። ጉልበቷን ሳምልኝ። ዘሀራን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሏታል እዚህ ያሉ ጎረቤቶቼ፤ እኔም አላህ ያሳድግልሽ ብያለሁ በልልኝ። ታናሻችን ከድሮም ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ምከረው። አዲሷን ሕፃን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ስሟን ማን እንዳላችኋትም ጻፉልኝ።

እኅትህ ሹኩሪያ ሁሴን
ጎጆ ከተማ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.