ሰባት እልልታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት

ጡት። ሽንት ጨርቅ። ገንፎ። እንደገና ጡት። ልጅቷ አሁን ተኛችልኝና እጄ ነፃ ወጣ። አማቴ እትዬ ዘርፌ መስኮት አያስከፍቱም፤ የእንጅባራ ብርድ አራስ ይመታል ይላሉ። ታፍኛለሁ፣ ደብተሬ።

ፈንቴ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ዛሬም ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው ሴትዮ ናት ያነሳችልኝ። ከወለድኩ ጀምሮ ከሷ ጋር ነው የማወራው። ልጠላት ደርሻለሁ።

ስለ ፈንቴ ያልነገርኩሽ የለም። ግን ተናድጃለሁና ደግሜ ልንገርሽ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠን የተመደብንበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከአዊ የሄድን ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሷ የባንጃ ገጠር ልጅ፣ አፏን የፈታችው በአዊኛ። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ፣ ከአማርኛ ሌላ የማላውቅ። አንድ ዶርም፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች። ብርድ ሲሆን በአንድ ጋቢ። ታይፎይድ ጥሎኝ ክሊኒክ ስተኛ ፈተናዋን ትታ ያስታመመችኝ እሷ ናት። ዛሬ ከአማቴ ጋር በአዊኛ የምንተባተባት ትንሽ ነገር እንኳ ፈንቴ ከላይ አልጋ ሆና ያስተማረችኝ ናት።

የተመረቅን ቀን ጋዋናችንን እንደለበስን ቃል ተገባባን። ከሁለታችን አንዷ ቀድማ ሴት ልጅ የወለደች እንደሆነ፣ ሌላይቱ ክርስትና ታነሳለች። ወንድ ከሆነማ ወንድ ፈልጋ ታመጣለች፤ ግን ታመጣለች።

ወለድኩ። ሴት ናት። ፈንቴ የለችም። የልጅቷ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትናዋ፣ ኅዳር 24 ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ኢንተርኔት ለትንሽ ጊዜ መጣ። የዶርማችን ልጆች ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ሜሮን፣ የአዲስ አበባዋ፣ አሮጌ ፎቶ ለጥፋለች። እኔና ፈንቴ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን፣ ከፊታችን የካፌ ዳቦ። ከሥሩ ልብ በልብ ነው። «ወይ ያ ጊዜ!» «እንደናንተ ዓይነት ጓደኝነት የት አለ!» «አለቀስኩ!»

ፈንቴ የት እንዳለች የሚያውቅ አለ ወይ ብዬ ጻፍኩ።

አንዷ የምትጨፍር ድመት ላከችልኝ።

ትዝታ ላይማ ማንም አይቀድመንም። ስለ ግቢ ሽሮ ሲሆን ሁሉም ጸሐፊ ነው። ሰው ጠፋ ሲባል ድመት። ስልኩን ፍራሽ ሥር ወረወርኩት። ልጅቷ ነቃች። ደግሞ ጡት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

ባለቤቴ አንዱዓለም ከሥራ ሲመጣ ከጃዊ የመጣ ሰው አገኘሁ አለኝ። ፈንቴ እዚያ ቆላ ውስጥ የግብርና ልማት ሠራተኛ ናት። ሰውየው ደህና ናት፣ ገበያ ላይ አይቻታለሁ አለው። ደህና ናት! ገበያ ትወጣለች! እኔ እዚህ ሞታ ይሆን እያልኩ ጡቴ ሊደርቅ ነው፣ እሷ ሰሊጥ ታማርጣለች።

አማቴ ይህን ሲሰሙ አጋጣሚውን አላሳለፉትም። ጎረቤታችን ወ/ሮ አስካል ክርስትና ያንሱልን ነው የሚሉት። ወ/ሮ አስካል ደግ ሰው ናቸው፣ እንከን አይወጣላቸውም። ገንፎም ያመጡልኛል። ግን ወ/ሮ አስካል መቼ ከእኔ ጋር በአንድ ጋቢ ተኙ? ይህን ለአማቴ እንዴት አድርጌ እነግራለሁ።

እንደፈለጋችሁ አድርጉ አልኳቸው። አፌ ነው ያለው። አማቴ ግን ወዲያው ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። ነግረዋቸዋል። ወ/ሮ አስካል እሺ ብለዋል።

በቃ። ፈንቴ ብትመጣም አልፈልጋትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ 11 ሰዓት

ደብተሬ፣ ስሚኝ።

ባጃጅ በር ላይ ቆመች። ፈንቴ! ጭቃዋን እንደተሸከመች፣ ከስታ፣ ጠቁራ። ከኋላዋ ወንድሟ አስማረ፣ በታጠበ ጋቢ፣ አዲስ ጫማ አጥልቆ፣ ሙሽራ መስሎ። ትልቅ ፌስታል ይዛለች። ገና ሳትስመኝ ዘረገፈችው። ትንሽዬ ሱሪ። ከረባት ያለው ሸሚዝ። ማተብ። የወንድ ኮፍያ!

ነገ አርባው አይደል፣ እንዳያመልጠን በሁለት መኪና ነው የመጣነው፣ የት ነው የሚነሳው፣ ሚካኤል ነው ጊዮርጊስ አለችኝ።

የማን አርባ?

የልጁ!

ልጅቷን ገልጬ አሳየኋት። ፈንቴ አየቻት። አስማረም አየና ቶሎ ብሎ ዞረ። ፈንቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በከረባቱ ሸሚዝ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ልሳደብ ነበር ያሰብኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ጠዋት

ነገሩ ተጣራ። የወለድኩ ዕለት አንዱዓለም ከማዋለጃው ክፍል በር ላይ ሆኖ ደወለላት። «ተገላገለች!» ብሎ አፉን ሳይዘጋ ከውስጥ እልልታ ቀለጠ። ቆጠረች። ሰባት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ለሴት ሦስት ነው፣ ለወንድ ሰባት፤ ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። ሌላ ምን ትጠይቅ? ሰባቱ ግን ከጎኔ አልጋ ወንድ ለወለደችው ሴት ነበር። ለእኔ እናቴ ሦስቷን ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ወንዝ ስትሻገር ስልኳ ውኃ ገባው። ሌላ እስክታገኝ አርባው ይደርሳል፣ ሄጄ እነግራታለሁ ብላ ተወችው። ወንድሟን ለምና ከእርሻው አስነሳችው። መንገዱን በሙሉ ከፍቶኝ ነበር አለችኝ፤ ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ስመኝ ኖሬ፣ በሰባት እልልታ ተነጠቅሁ ብዬ። ከፍቷት እንኳ መጣች።

አንዱዓለምን ማየት አልፈለግኩም። ሴት ናት ለማለት ሁለት ቃል ምን ነበረበት?

አስማረና አማቴ ማዶ በአዊኛ ጨዋታ ይዘዋል። ያገሬ ሰው ኖሯል ብለው አማቴ ሁለት ጊዜ ሳቁ። ከእኔ ጋር እንዲህ ሲስቁ አላየሁም።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ለሰማንያዋ ልትመጣ አትችልም። የፈንቴ ፈቃድ አልቋል። ኅዳር ላይ ሰሊጡም ማሽላውም ይደርሳል፣ መ/ቤቱ ማንንም አይለቅም። ቢበዛ አንድ ቀን። ከጃዊ እንጅባራ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሆንም። ማታ ነው አሁን። ከሰዓት ሸኘኋቸው። ሱሪውን ትታልኝ ሄደች፤ ሴትም ሱሪ ትለብሳለች ብላ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሌላ ነገር አልታየኝም። ዛሬ ተናገርኩ። ልጅቷ ዳንግላ፣ እናቴ ቤት ትነሳ። የጃዊ መኪና ዳንግላ ነው የሚያራግፈው። ፈንቴ በዋዜማው ገብታ፣ በማግስቱ አንስታ መመለስ ትችላለች። በአዲስ ስልኳ ደውላ እሺ ብላኛለች።

ቤቱ ተገለባበጠ። አማቴ ድግሱ ከእኔ ቤት ወጥቶ አሉ። ቀኑ የነቢያት ጾም ነው፣ ሥጋ የለ፣ ሰው በምን ይደሰት ብዬ ስጨነቅ ጭራሽ ከነቤቱ ሊወስዱብኝ አሉ። ወ/ሮ አስካልንስ በምን ዓይኔ አያለሁ አሉ። ይሄኛው እውነት ነው። እኔም አላውቅም በምን ዓይናቸው እንደሚያዩዋቸው። አንዱዓለም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ከቃሌ አልመለስም አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ዳንግላ

እናቴ ቤት ነኝ። መስኮቱ ክፍት ነው። አማቴ ሲሸኙኝ ልጅቷን ሳሙ፣ እኔን በነጠላ ጫፍ ነካ አደረጉኝ። ለወ/ሮ አስካል ነግረዋቸዋል ይላል አንዱዓለም። ከዚያ ወዲህ የወ/ሮ አስካል ገንፎ ቀርቷል።

ግሩፑ ውስጥ ሜሮን አዲስ ፎቶ ለጥፋለች። አላየሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23፣ 11 ሰዓት ተኩል

ክርስትናው ነገ ንጋት ላይ ነው። የጃዊ መኪና 9 ሰዓት ላይ ይገባል። ገባ። ፈንቴ የለችበትም። አንዱዓለም መናኸሪያ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛ መኪና ተነስቷል ይላሉ፣ አልተነሳም ይላሉ። ስልኳ ዝግ። ያቺ ሴትዮ ተመለሰችብኝ።

አማቴ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥተዋል። ከፊት ወንበር ላይ፣ የጠላ ጀሪካን ታቅፈው። ሰላም አሉኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሩን በሩን ያያሉ። አሁን አጠገቤ ተቀመጡ። ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ ሰማንያዋ ሊያልፍባት አይገባም አሉኝ። ወ/ሮ አስካል ቢደወልላቸው ቂም የሚይዙ ሰው አይደሉም፣ አሁኑኑ ተነስተው ይመጣሉ አሉ።

ብቆጣ ይሻለኝ ነበር። የምቆጣበት ነገር ጠፋ። ፈንቴ ሰባት ሰምታ እንኳ መጥታ ነበር። ዛሬ ምን ሰምታ ነው የቀረችው?

ልጅቷን አየኋት። እሺ አልኩ። ይደወልላቸው።

አማቴ ስልካቸውን ይዘው ወደ ውጪ በር ወጡ፤ ኔትወርክ እዚያ ይሻላል። እዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ፈንቴ፣ አንቺ

እልልታ። ከበሩ ነው።

አንድ። የአማቴ ድምፅ ነው።

ሁለት።

ሦስት።

ቆመ። አሁን በአዊኛ ይነጋገራሉ፣ ሁለቱም አንድ ላይ፣ አንዷ እያለቀሰች፤ ከላይኛው አልጋ የማውቀው ድምፅ ነው። ልጅቷን ይዤ ልው