ሳይሞላ አይነሣም፦ የጋሽ ካፒቴን የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ካፒቴን በ1941 ዓ.ም. ከአባታቸውና ከእናታቸው መወለዳቸውን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን። አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር፣ እናታቸው ደግሞ በአውቶቡስ መናኸሪያ ሻይ ሻጭ ነበሩ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ እሳቸውን መከታተል አልቻለም።

በአውቶቡስ ረዳትነት ሥራ ጀምረው ሾፌር፣ ቀጥሎም የአራት አውቶቡሶች ባለቤት ሆነዋል። የሥራቸው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ሳይሞላ አይነሣም። ሰዓት የሚያይ ሾፌር ባዶ ወንበር ሲያመላልስ ይኖራል ይሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አንድ ሰው ጎድሎ ግማሽ ቀን የቆመ አውቶቡሳቸው ውስጥ አንዲት ወጣት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ገባች፤ መኪናውም ሞልቶ ተነሣ። በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ። ጋሽ ካፒቴን ሕጋቸውን የተጠራጠረ ሁሉ ባለቤታቸውን እንዲያይ ይጋብዙ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. በእናታቸው ስም የተሰየመ የግል አየር መንገድ አቋቋሙ። አየር መንገዱ አንድ ያገለገለ አውሮፕላን ነበረው። በምረቃው ዕለት የአብራሪ ባርኔጣ ስላደረጉ ካፒቴን ተባሉ፤ ባርኔጣውንም ስሙንም ከዚያ ወዲህ አላወለቁም። የአውቶቡሳቸው ረዳት የነበሩት የባለቤታቸው ወንድም ከረባት አስረው በመንገደኞች አዳራሽ በር ላይ ቆሙ፤ “አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!” እያሉ ይጣሩ ጀመር። የቀረው ግን ሠላሳ ሰው ነበር።

አብራሪው ሰዓቱ አልፏል ብለው ሲያመለክቱ፣ ጋሽ ካፒቴን “አንተ ሰማይህን ተመልከት፤ ወንበሩን ለእኔ ተወው” ብለው ይመልሷቸው ነበር። አንድ ቀን አንድ አስተማሪ ለገዛ እናታቸው ቀብር ሊሄዱ ተሳፍረው ቀበቷቸውን ታጥቀው እንደተቀመጡ ቀብሩ አለቀ። ሲወርዱ “እናቴ አልጠበቀችኝም” አሉ። ከዚያ በኋላ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ጥበቃው ረዘመ፤ ጥበቃው ሲረዝም ሰው ቀነሰ። በመጨረሻው ቀን የመጡት ሁለት መንገደኞች እስኪመሽ ጠብቀው በአውቶቡስ ሄዱ። አየር መንገዱ ዓመት አልሞላውም።

በቤተሰቡ ዘንድ ይህ የምቀኛ ሥራ መሆኑ የታመነ ነው። ምቀኛው ማን እንደሆነ በየዓመቱ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ለሁለት ዓመት ያህል አብራሪው ነበሩ፣ ቀጥሎ ጉም ሆነ። ይህን ታሪክ ከማንም በላይ አጥብቀው የያዙት ባለቤታቸው ሲሆኑ፣ የተጠራጠረ እንግዳ ሁለተኛ ሻይ አይቀዳለትም ነበር።

ዘንድሮ ጋሽ ካፒቴን በልብ ሕመም ተይዘው ሐኪማቸው ሳይዘገዩ ወደ ትልቅ ሆስፒታል በአውሮፕላን እንዲሄዱ አዘዙ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከባለቤታቸው፣ ከመጀመሪያ ልጃቸውና ከባለቤታቸው ወንድም ጋር ቀደም ብለው አውሮፕላን ማረፊያው ደረሱ። አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የመሳፈሪያው ጥሪ ሲሰማ ልጃቸው “አባዬ፣ እየጠሩ እኮ ነው” አለች። እሳቸውም ዞር ዞር ብለው አዩና “ተቀመጪ ልጄ። ይሄም ሰው ተብሎ ነው? ግማሹም አልሞላም። አይነሣም” አሉ። ባለቤታቸው “እሱ ያውቃል” ብለው ቦርሳቸውን መልሰው መሬት አስቀመጡ። የባለቤታቸው ወንድም ሻይ ሊያመጡ ሄዱ። ሁለተኛው ጥሪ ተሰማ፤ በሩም ተዘጋ።

አውሮፕላኑ ግማሽ ወንበሩን ባዶ ይዞ በሰዓቱ ተነሣ። ጋሽ ካፒቴን እስኪርቅ ድረስ በመስታወቱ አሻግረው አዩትና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ቀጣዩ በረራ ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ በቤታቸው፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ጋሽ ካፒቴን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንንም ከማያስጠብቀው ቤቱ ያግባልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥ።

ቀብራቸው ዛሬ በስምንት ሰዓት ይፈጸማል። የባለቤታቸው ወንድም፣ የተከራየናቸው አውቶቡሶች ገና ስላልሞሉ ትንሽ እንጠብቅ ብለው ነበር። ባለቤታቸው ግን “ይበቃል፤ በሰዓቱ ይነሣ” ብለዋል።