በኒሙ ዛፍ ሥር ማደርን ስለከለከሉልን

ይድረስ ለክቡር አቶ አንዱአምላክ፣
በከተማችን ምክር ቤት የኢኮኖሚ ልማትና የፖሊሲ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ፣ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና ከመጠየቄ በፊት ስለ እንቅልፍዎ እንድጠይቅ ይፍቀዱልኝ። ባለፈው ሳምንት ጉባኤው ሲበተን አንድ የኮሚቴዎ ባልደረባ ለጓደኛው «እሳቸው እኮ ለዚች ከተማ እድገት ሲሉ እንቅልፍ የላቸውም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ነገሩን እንዳለ ተቀብዬ ከልብ ተጨነቅሁ። በመተማ ቆላ ሙቀት ላይ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት አንድ ጨዋ ሰው ምን ዓይነት ደንብ ሊያወጣ እንደሚችል በዚያው ጉባኤ ስላየሁ፣ ፈጣሪ ቶሎ ሸለብ ያደርግዎ ዘንድ እጸልያለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ደንቡን ያላነበበ ሰውም ሊያየው ስለሚችል በአጭሩ ላስታውስ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ቀጣሪ እስኪያገኙ በአደባባዩ የኒም ዛፎች ሥር የማዳበሪያ ከረጢታቸውን አንጥፈው ያድሩ ነበር። ገበሬውም ጎህ ሳይቀድ ትራክተሩን አቁሞ፣ ተከራክሮና ተስማምቶ ይዟቸው ይሄድ ነበር። እርስዎ ያስጸደቁት ደንብ ግን የከተማዋን ገጽታ ለባለሀብት ለማሳመር ሲል በአደባባይ ማደርንም፣ ከከተማው ዳር ከተሠራው የሥራ ስምሪት አዳራሽ ውጭ መቅጠርንም ከለከለ። ምስጋናዬ እንዳይደበላለቅብዎ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አዳራሹ አመሰግናለሁ። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በመሆኑ ሰውን እንደ ዳቦ ለመጋገር ምንም አይጎድለውም። የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት አጫጅ ወገቡን ካጎነበሰ ቆይቷል። ጥበቃው ለይኩን ራሱ ሙቀቱን ስላልቻለው አልጋውን ጎትቶ ደጅ ነው የሚያድረው። ይህ በአደባባይ ማደር ይሁን በአደባባይ መጠበቅ ኮሚቴዎ እንዲተረጉመው ትቼዋለሁ። ባየልኝ የሚባል በየዓመቱ ከጎጃም የሚመጣ አጫጅ አለ፤ ወደ አዳራሹ ለምን እንደማይሄድ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እዚያ ቁጥር ነው የሚሰጡህ። ከዛፉ ሥር ግን ቀጣሪህ ፊትህን ያያል፣ አንተም የእሱን» አለኝ። እህል የሚያሳንሰውን፣ የታመመ ሠራተኛ በረሃ ላይ ጥሎ የሚመለሰውን ሰው በፊቱ እንለያለን ባይ ነው። ይህ የፖሊሲ እውቀት ማነስ እንደሆነ አስረድቼዋለሁ፤ አልገባውም።

፪. ስለ ገጽታው ደግሞ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አደባባዩ በእውነት አምሯል፤ ማንም የለበትም። ሰዓዲያ በራኩባዋ፣ ማለትም በሣር በከደነችው ዳሷ፣ ሻይና ፉል የምትሸጥላቸው ሰዎች ስለጠፉ ዝንቦቿን በስም እየጠራች ታባርራለች። አጫጅ የጫኑት መኪኖች እኛ ጋ መቆም ትተው በቀጥታ ወደ አብደራፊ ያልፋሉ። የሚጠበቀው ባለሀብት እስካሁን አልመጣም። የመጣ ዕለት ግን አንድም ሰው እንደማይከልልበት እርግጠኛ ነኝ። እኔ ኋላ ቀር ስለሆንኩ ሰሊጥ የዘራ ሰውም ባለሀብት ይመስለኝ ነበር።

፫. ስለ ስርጉት። ይህችን ሴት እርስዎ አያውቋትም፤ ጎረቤቴ ናት፣ ሦስት ልጆቿንም የምታሳድገው በአንዲት ማሳ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው አፉን እንደሚከፍትና በጊዜው ካልታጨደ መሬት ላይ እንደሚፈስ የእርሻ ባለቤት ለሆኑት ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ስርጉት ወደ አዳራሹ ሄዳ አንድም አጫጅ አላገኘችም። የሠራተኛ እጥረቱ በሚቀጥለው ጉባኤ ስለሚታይ እንድትጠብቅ በትሕትና ተነገራት። ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ ሰጠኝ፣ ሰሊጤ የምክር ቤት አባል ቢሆን ኖሮ እስከ ጉባኤው ይጠብቅ ነበር» አለችኝ። በማግስቱ ባየልኝንና ጓደኞቹን ከእኔ በረንዳ ላይ ቀጥራ ስትሄድ፣ በከተማው መውጫ ኬላ ላይ የቆሙት ደንብ አስከባሪዎች ከአዳራሹ ውጭ የተቀጠሩ ናቸው ብለው ሰዎቹን ከትራክተሩ አወረዱባት።

አዎን፣ ከእኔ በረንዳ ላይ። ክቡርነትዎ ሰላይ በመላክ እንዳይደክሙ ራሴ ልናገር። አጫጆቹ የሚያድሩት እኔ ቤት ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር ነው። ዛሬም ያድራሉ፣ ነገም ያድራሉ። ጎረቤቶቼ ዘምዘምም አሰበችም የየግቢያቸውን በር ከፍተዋል፤ መንደሩ በሙሉ ደንብ ተላልፏል ማለት ይቻላል። መቀጮ ቢልኩ አልከፍልም፤ ቢያስሩኝ የእስር ቤቱ በረንዳ ሰፊ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደንብ አስከባሪዎችዎ ሲመጡ ቀስ ብለው ይርገጡ፤ ሰዎቹ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሱ እንቅልፋቸው ጥቂት ናት። ደንቡን ለመሻር አስቸኳይ ስብሰባ ከፈለጉም በኒሙ ዛፍ ሥር ይጥሩን፤ የምንቀመጥበትን ማዳበሪያ እኔ አቀርባለሁ። ብቻ ይህ መሆን ያለበት በዚህ ሳምንት ነው፤ የስርጉት ሰሊጥ ከዚያ በላይ ጨዋነት የለውም።

ለክቡርነትዎ ያልተቋረጠ፣ ጥልቅና ደንብ የማይወጣበት እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ ነገር ግን ከበረንዳዬ ሳልወርድ እሰናበትዎታለሁ።

የከተማዎ ገጽታ አበላሽ፣
ሰጠኝ ደሞዝ፣
የትራክተር መለዋወጫ ነጋዴ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልልክ ሁለት ቀን ቆየሁ። በመካከሉ የእርሻዎ ኃላፊ አቶ ደረበ በትራክተር መጥቶ፣ በረንዳዬ ላይ ያደሩትን ባየልኝንና ጓደኞቹን በሙሉ ጭኖ ወደ ማሳዎ ወስዷቸዋል። በኬላው ማንም አላስቆማቸውም። የእርስዎ ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮና ተከምሮ እየደረቀ ነው። የስርጉት ትናንት ረግፏል።